ተበላ ላይ ዳታ እንዴት እንደሚበላ

ላፕቶፕዎን ከፍተው፣ ጥቁሩን መስኮት አስነስተው፣ አንዲት መስመር ጽፈው «ኢንተር» ከመምታትዎ በፊት ይህን ምክር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ምክሩ ለማንም ኢትዮጵያዊ ይሆናል። በተለይ ግን የተጻፈው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሁምቦ ወረዳ ከተማ በሆነችው በተበላ ተቀምጦ፣ ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ፣ በፓይተን አንድ ቁም ነገር ለመሥራት ለቆረጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተበላ ውስጥ ከየት ይገኛል የሚል ካለ፣ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተመራቂዎቹ ሁሉ ወዴት የሄዱ መስሎት ይሆን?

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ትእዛዞቹን የምጽፍልዎት በእኛው ፊደል ነው። እርስዎ ግን ተርሚናል በሚባለው በዚያ ጥቁር መስኮት ላይ በላቲን ፊደል፣ ያውም በትንንሹ ይጻፏቸው። ተርሚናል በግዕዝ ፊደል የታዘዘውን «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል እንጂ ማንን አክብሮ ያውቃል።

በመጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ይሁን። ለምሳሌ የሁምቦን ተራራ ይምረጡ። ተራራው የተራቆተ ነበር። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተደራጁ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ፤ አፈር ውስጥ የቀሩትን ጉቶዎች ቅርንጫፋቸውን እየገረዙ አሳደጉ፤ ደኑም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ክሬዲት ሊገዛ ተዋዋለ። ታዲያ ይህ አረንጓዴ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሰፋ ከወንበርዎ ሳይነሡ በሳተላይት ምስል መለካት ይቻላል። የላንድሳት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም ነጻ ናቸው። ምስሎቹን የሚያነበው ጂዳል የተባለ ላይብረሪም ነጻ ነው። ፓይተንም ነጻ ነው፤ ላፕቶፕዎ የሚሠራበት ሊኑክስ፣ ኡቡንቱም ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠየቀው ለማውረዱ ብቻ ነው። ተራራውን በእግር ወጥቶ ማየትም ይቻል ነበር፤ ግን ቴክኖሎጂ እያለ ማን ይደክማል?

እንግዲህ ኮከብ 999 መሰላል ይደውሉ፣ ወይም ቴሌብርን ከፍተው የዳታ ጥቅል ይግዙ። ትንሹን ይግዙ። ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው ኮድ ነው፤ ኮድ ደግሞ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ምን ያህል ይከብዳል? በዚህ አስተሳሰብ ያልጀመረ ሰው የለም።

ከዚያ የፓይተን ላይብረሪዎችን አውርዶ የሚጭነውን ፒፕን ለማዘዝ «ፒፕ ኢንስቶል ቶርች» ብለው ይጻፉ። ለተራራው ሥራ ቶርች (ፓይቶርች የሚባለው ላይብረሪ) ምን ያደርጋል ብለው አይጠይቁ። ዘንድሮ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሌለበት የመመረቂያ ጽሑፍ ማን ያነባል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ ይበደሩ። ተርሚናሉ መጀመሪያ በትሕትና «ኮሌክቲንግ ቶርች» ይላል። ቀጥሎ ኤንቪዲያ የሚል ስም በግንባራቸው የያዙ ፋይሎች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፤ ኤንቪዲያ ኩብላስ፣ ኤንቪዲያ ኩዲኤንኤን፣ ኤንቪዲያ ኤንሲሲኤል እያሉ ይቀጥላሉ። ሁሉም የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። የእርስዎ ላፕቶፕ ካርዱ የለውም። ፒፕ ግን ካርድ አለዎት ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ሊኑክስ ላይ ቶርችን ዝም ብሎ ለጠየቀ ሰው ከሁለት ጊጋባይት በላይ ያወርድለታል። ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር የተዘጋጀ፣ ከዚህ በብዙ የሚያንስ ሌላ ቅጂ በፓይቶርች የራሱ ማከማቻ፣ «ሲፒዩ» በሚለው ክፍል ይገኛል። ይህን ግን ዳታዎ እስኪያልቅ ድረስ አይወቁ። ካለቀ በኋላ ሲያውቁት ከልብ ይገባል።

እየወረደ ሳለ ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍ አይደንግጡ፤ ድንጋጤው የፒፕ ድርሻ ነው። የፒፕ ትዕግሥት 15 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወዲያ በኩል አንዳች ነገር ካልመጣለት ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ከፋይሉ አብዛኛው ወርዶ ጥቂት ሲቀረው ከሆነ የተቋረጠው፣ እንደገና ሲያዙት ከዜሮ ይጀምራል። በእርግጥ ፒፕ ከተቋረጠበት መቀጠልን ተምሯል፤ የተማረው ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ እርስዎ ላፕቶፕ ላይ ያለው ከዚያ በፊት የተጫነው ነው። አዲሱን ፒፕ ለማምጣት ደግሞ ዳታ ያስፈልጋል። የትዕግሥቱን ልክ «ታይምአውት» በሚል አማራጭ ወደ 1000 ሰከንድ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቡና አፍልቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ሦስተኛውን ጠጥቶ ሲመለስ ፋይሉን ወርዶ ያገኘዋል። የእኛ ምክር ግን በ15 ሰከንዱ ጸንተው እንዲቆዩ ነው።

(የኡቡንቱ የራሱ ፓኬጅ ጫኝ፣ አፕት፣ በዚህ ረገድ ጨዋ ነው። ግማሽ የወረደውን «ፓርሻል» በሚባል ፎልደር አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየጮኸ በሚገባበት ዘመን የተወለደ ስለሆነ ድህነትን ያውቃል።)

በዚህ መሐል ኡቡንቱ የስልክዎን ሆትስፖት እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮ የራሱን ማሻሻያ ከጀርባ ሊያወርድ ይችላል። በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ይህ ግንኙነት በልክ የሚከፈልበት ነው» ብለው የሚነግሩበት ምልክት አለ። አይንኩት። ዳታው ወዴት እንደሄደ ሳያውቁ ቴሌን ማማት የሚቻለው ምልክቱ ሳይነካ ሲቀር ብቻ ነው።

የላፕቶፕዎ ባትሪ የሞተ፣ ያለ ቻርጀር አንዲት ደቂቃ የማይቆም ከሆነ ደግሞ ሥራውን ደመና ሲከማች ይጀምሩ። መብራት የሚሄደው አፕት ፓኬጆቹን አውርዶ ጨርሶ፣ እየፈታ ወደየቦታቸው ሲያስገባ ይሁን። መብራት ሲመጣ ማንኛውንም ነገር ልጫን ቢሉ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል፤ ይህን ትእዛዝ ራስህ ስጥ» የሚል መልእክት ያገኛሉ። ትእዛዙ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል፤ «ሱዶ ዲፒኬጂ ኮንፊገር» ብሎ መጨረሻው ላይ አንዲት «ኤ» ብቻ ናት። ቢጽፏት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በደቂቃ ይስተካከላል። ነገር ግን የክብር ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተር የነገረንን ነገር ማድረግ ልማዳችን አይደለም። ኡቡንቱን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል።

አሁን ወደ ጂዳል እንሂድ። «ፒፕ ኢንስቶል ጂዳል» ይበሉ። ለጥቂት ሰከንድ ነገሩ ሁሉ ያማረ ይመስላል። ፋይሉ ይወርዳል፤ መጠኑም ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ይገርምዎታል። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ይፈስሳል፤ መስኮቱን ሞልቶ ወደ ላይ ይሸሻል። ሰው ሁሉ የሚያነበው የመጨረሻውን መስመር ነው። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ችግሩ ምናልባት የፒፕ አይደለም የሚል ከደሙ ንጹሕ የመሆን ቃል ነው። ወደ ላይ መለስ ብሎ የፈለገ ሰው መካከል ላይ አንዲት አጭር መስመር ያገኛል፤ «ጂዳል ኮንፊግ የሚባል ፋይል የለም» ትላለች። ነገሩ ሁሉ እሷ ናት። ጂዳል ፍራንክ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ትልቅ ላይብረሪ ነው። ፒፕ የሚያመጣው ፓይተን ከእሱ ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል ብቻ ነው። ዋናው አስቀድሞ በአፕት መጫን አለበት፤ «ሊብጂዳል ዴቭ» ይባላል። የሁለቱ የቨርዥን ቁጥርም መገጣጠም አለበት። ይህ ካሰለቸዎት ራስተሪዮ የሚባለው ፓኬጅ ጂዳልን በውስጡ ይዞ በፒፕ በኩል ይመጣልና በአንድ መስመር ይገላገላሉ።

ነገር ግን መካከሏን መስመር መፈለግ ማንበብን ይጠይቃል። አቋራጩ ቀዩን ጽሑፍ እንዳለ ኮፒ አድርጎ ለቻትቦት መስጠት ነው። እሱም በሙሉ ልብ አምስት ትእዛዝ ይሰጥዎታል። ሁሉም የሚጀምሩት በሱዶ ነው።

ሱዶ ከሶዶ ጋር ዝምድና የለውም። ሶዶ ከንቲባ አላት፤ ሱዶ ግን አለቃ የለውም። ትርጉሙ ባጭሩ «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ አድርገው» ነው። የይለፍ ቃልዎን ይጠይቃል፤ ሲጽፉት ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም፤ ያኔ ኪቦርዱ ተበላሸ ብለው ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይጻፉት። አንድ ትእዛዝ ካልሠራ ፊቱ ላይ ሱዶ ይጨምሩበት። ለምን እንዳልሠራ ማወቅ ከሥራው ያዘናጋል።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ሊገጥምዎት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 እና ከዚያው ዓመት ጀምሮ የወጡት የኡቡንቱ ቅጂዎች፣ ፒፕ በሲስተሙ ፓይተን ላይ በቀጥታ እንዳይጭን ይከለክላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ሥራውን የሚሠራው በፓይተን ነው፤ እርስዎ ያመጡት አዲስ ላይብረሪ ኡቡንቱ የሚያውቀውን አሮጌውን ሲጋርደው ኡቡንቱ ይሰናከላል። መልእክቱ ይህን አስረድቶ፣ ለብቻው ቦታ ከፍተው ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ እንዲጭኑ ይመክራል። ወረድ ብሎ ግን፣ አልሰማም ላለ ሰው፣ ክልከላውን የሚያልፍበትን ቃል ይነግረዋል፤ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ይላል። የሲስተሙን ፓኬጆች ሰባብር ማለት ነው። የጻፉት ሰዎች እንደ ማስታወቂያ ሠራተኛ ስም ማሳመር አልፈለጉም። ይህንን ሐረግ በገዛ እጁ አሟልቶ ጽፎ ሲያበቃ፣ ሲስተሙ ሲሰበር «ሊኑክስ አይረባም» የሚል ሰው በየካፌው አለ፤ ከእሱ ጋር አይከራከሩ፤ ቡናውን ይክፈሉለት።

ይህን ሁሉ ከጫኑ በኋላ ዲስክዎ ይሞላል። ማጥፋት የሚባለው ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ዋናው ምክሬም እዚህ ላይ ነውና ወንበርዎን ጠጋ ያድርጉ።

ፓይተን እንዳስቸገረዎት ጥርጥር የለውም። እንግዲያው ከሥሩ ነቅለው አዲስ ይጫኑ። «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ፓይተን 3» ይጻፉ። አፕት ወዲያው አያጠፋም፤ ዝርዝር ያወጣል። «የሚከተሉት ፓኬጆች ይጠፋሉ» ይልና ስሞቹን በነጭ ጽሑፍ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ እንደ ቀበሌ የስም ዝርዝር አግተልትሎ ያፈስሳቸዋል። ከመሐላቸው ኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሚል አለ። አሁን የሚጽፉበት ተርሚናልም አለበት። ከሥር ይህን ያህል ሜጋባይት ቦታ ነጻ ይሆናል ይላል፤ ዲስኩ ለሞላበት ሰው እንዴት ያለ የምሥራች ነው! ቀጥሎ «ልቀጥል?» ብሎ ዋይ ወይም ኤን ይጠይቅዎታል። ዋይ በትልቁ ተጽፋለች፤ ኤን ግን አንገቷን ደፍታ በትንሹ። ኢንተርን ዝም ብለው ቢመቱት እንኳ እሺ እንዳሉ ይቆጠራል። ይምቱት። ኮምፒውተሩን በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፍቱት መስኮት የለ፣ አይኮን የለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ስምዎን የሚጠይቅ አንድ መስመር ብቻ ይጠብቅዎታል። ዴስክቶፑን መልሶ ለማምጣት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ ይጠበቅብዎታል። ኮከብ 999 መሰላል።

ይህ የሚደርሰው በተበላ ሰው ብቻ አይደለም፤ አይፈሩ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በዩቲዩብ የታወቀው ካናዳዊው ሊነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በሚባል ሊኑክስ ላይ ስቲም የተባለውን የጌም መሸጫ ሊጭን ፈለገ። በፓኬጁ ውስጥ በነበረ ስሕተት ምክንያት አፕት ዴስክቶፑን ካላጠፋሁ አልጭንም አለ፤ ነገሩ አደገኛ መሆኑን ጽፎ፣ ለመቀጠል «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እንዲጽፍ ጠየቀው። ሊነስ ጻፈው። ዴስክቶፑ በዓለም ፊት፣ ካሜራ እየቀረጸ ተሰናበተ። ልብ ይበሉ፣ የጠየቀው ለመጫን ነበር። መጫንም ሊያጠፋ ይችላል።

ለምን አንዱን ሲነኩ ሁሉም ይሄዳል? ቅርጫን ያስቡ። በወላይታ ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ እየቆጠቡ በጋራ በሬ ይገዛሉ፤ አንዱ በሬ የብዙ ቤት በዓል ነው። ላይብረሪ ማለት ይህ በሬ ነው። አሥር ፕሮግራሞች ስማቸውን አስመዝግበውበታል። እርስዎ የራስዎን መደብ ትቼዋለሁ ቢሉ ማንም አይከፋም። «በሬው ይውጣ» ካሉ ግን አሥሩም ቤት ጾሙን ያድራል። አፕት የሚያወጣው ያ ረጅም ዝርዝር የባለ መደቦቹ ስም ነው። አንድ ፕሮግራም ሲጠፋ ደግሞ ለእሱ ሲባል ብቻ የመጣው በሬ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ «አፕት አውቶሪሙቭ» ማንም የማይፈልገውን እንዲህ ያለውን ፈልጎ ያወጣል። ፒፕ ግን ይህን ሒሳብ አይዝም። «ፒፕ አንኢንስቶል ቶርች» ካሉ ቶርች ብቻ ይሄዳል፤ ተከትለውት የመጡት የኤንቪዲያ ፋይሎች እዚያው ተቀምጠው ዲስክዎን ይግጣሉ። «አጠፋሁት እኮ!» እያሉ ሁለት ጊጋባይቱን ሲፈልጉ ይኖራሉ።

እንዲሁም አፕት «ሪሙቭ» ሲሉት ፕሮግራሙን ያጠፋል፤ የሴቲንግ ፋይሎቹን ይተዋል። እነሱንም የሚወስደው «ፐርጅ» ነው። ፐርጅም ቢሆን እርስዎ ሆም ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምሩትን የተደበቁ ፋይሎች አይነካም፤ የግል ንብረት ያከብራል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም አልሠራ ሲል አጥፍተው መልሰው ይጫኑት፤ አሮጌው የተበላሸ ሴቲንግ እዚያው ጠብቆ ስለሚቀበለው ልክ እንደ ቀድሞው አይሠራም። ይህን ከሦስት ጊዜ በላይ ያድርጉት፤ ተስፋ መቁረጥ ነውር ነው።

ስም ላይ ደግሞ አይጨነቁ፤ የመሰለዎትን ይጻፉ። ፓኬጅ የሚጫንበት ስምና ኮዱ ውስጥ የሚጠራበት ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሲቪ 2 ለማለት የሚጫነው ኦፕን ሲቪ ፓይተን ነው፤ ፒአይኤል ለማለት ፒሎው ነው። ተሳስተው የጻፉት ስም የለም ከተባሉ እድለኛ ነዎት። ካለ ነው ጣጣው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከፓይተኑ ማከማቻ የተወገደ አንድ ፓኬጅ ነበር፤ ስሙ ጄሊፊሽ ከሚባለው የታወቀ ላይብረሪ ጋር አንድ ይመስላል። ከሁለቱ ትናንሽ ኤሎች አንዷ ግን ትልቋ አይ ነበረች፤ ለዓይን ሁለቱም ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። የጫነውን ሰው ምስጢራዊ ቁልፎች ይሰርቅ ነበር፤ ማከማቻው ውስጥም አንድ ዓመት ያህል ተቀምጧል። ኃይሉ በሀ ይጻፍ በሐ እያልን ስንከራከር የኖርን ሰዎች ይህን ነገር ከማንም ቀድመን መጠርጠር ነበረብን። አሁን ደግሞ ቻትቦቶች የሌለ ፓኬጅ ስም ፈጥረው «ይህን ጫን» ይላሉ፤ ሌባ ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ሊጠብቅዎት ይችላል። በቻትቦቱ ይመኑ። ከእርስዎ በላይ እንግሊዝኛ ያውቃል።

የጫኑት ነገር ነገም ይኖራል ብለውም ይመኑ። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር፣ «ኪክ» በሚል የፓኬጅ ስም ምክንያት ከአንድ ኩባንያ ጋር ተጣልቶ፣ ኤንፒኤም የተባለው ሌላ የፓኬጅ ማከማቻም ለኩባንያው ስለፈረደ፣ ከዚያ ላይ የጻፋቸውን ከ250 በላይ ፓኬጆች ነቅሎ ወጣ። ከእነሱ አንዱ ሌፍት ፓድ ይባላል፤ 11 መስመር ኮድ ነው፤ ሥራውም ከጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ቦታ መሙላት ነው። እሱ ሲሄድ በዓለም ዙሪያ በእሱ ላይ የተደገፉ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ኤንፒኤም በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መልሶ ሰቀለው። 11 መስመር መሆኑን ይያዙልኝ፤ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ከዚያ ይረዝማል።

ከዚያ የከፋው በማርች 2024 የተገኘው ነው። ኤክስዜድ የሚባል፣ ፋይል የሚጨምቅና ሊኑክስ ሁሉ ውስጥ ያለ ትንሽ ላይብረሪ አለ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እያገለገለ፣ የደከመውን ባለቤቱን እያገዘ፣ እምነት አትርፎ የኋላ በር ቀበረበት። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ የያዘውም ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስለከነከነው ነው። እዚህ ላይ ለተበላ ተጠቃሚ ያለኝን አድናቆት ሳልደብቅ፣ የእኛ ሰው በግማሽ ሰከንድ መዘግየት ሌባ ይጠረጥር ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። እኛ ዘንድ ግማሽ ሰከንድ መዘግየት ማለት ኔትወርኩ ግሩም ነው ማለት ነው።

ምክሬን ሰምተው ለማይፈጽሙ፣ እልኸኛ ለሆኑ ጥቂት አንባቢዎች ደግሞ የሚያደርጉትን ልንገራቸው፤ መቼም አይሰሙኝም። እነዚህ ሰዎች ለእያንዳንዱ ሥራ «ፓይተን 3 ሰረዝ ኤም ቬንቭ» ብለው የራሱን ፎልደር ይከፍታሉ። ሥራው ሲያልቅ ፎልደሩን ያጠፉታል፤ ቶርችም፣ ኤንቪዲያም፣ ተከታዮቻቸውም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ፤ ኡቡንቱ አንዳች ነገር አይሰማም። አፕት የሚያወጣውን ዝርዝር ዋይ ከማለታቸው በፊት ያነቡታል። የማያውቁትን ስም ካዩ ኤን ይላሉ። «አፕት» በሚለው ፈንታ «አፕት ጌት» ብለው ይጭናሉ፤ ምክንያቱም አዲሱ አፕት የወረዱትን ፋይሎች ከጫነ በኋላ ይጥላቸዋል፤ አሮጌው አፕት ጌት ግን ካሽ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ በፍላሽ ገልብጦ ያንኑ ኡቡንቱ ለጫነ ጓደኛ መስጠት ይቻላል። የፒፕን ካሽም ቦታ ያዘ ብለው አያጸዱም፤ አንድ ጊዜ የተከፈለበት ዳታ ነው።

ሶዶ ወይም አዲስ አበባ ደርሰው ጥሩ ዋይፋይ ሲያገኙም «ፒፕ ዳውንሎድ» ይላሉ። ይህ ትእዛዝ አይጭንም፤ የተጠየቀውን ላይብረሪና እሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ሁሉ ሰብስቦ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ተበላ ሲመለሱ ፒፕን «ኢንተርኔት አትፈልግ፤ እዚህ ፎልደር ውስጥ ፈልግ» የሚል አማራጭ ጨምረው ያዙታል፤ ያለ አንድ ኪሎባይት ዳታ ይጫናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ እንዲህ ያለ ፎልደር የነበረው ሰው አዲስ ላፕቶፕ እንኳ ቢሆን አዘጋጅቶ መሥራት ይችል ነበር። ሌላው ሰው በየቀኑ አውሮፕላን ሞድ እያበራ እያጠፋ ይሞክር ነበር። ያን ጊዜ ያስታውሱታል።

በመጨረሻ ልመና አለኝ፤ ይህ ቀልድ የለበትም። ሶዶም ይሁን ሐዋሳ፣ አዲስ አበባም ይሁን ከአገር ውጭ፣ የማይቆጥር ኢንተርኔት ያለዎት አንባቢ ወደ ተበላ የሚመጣ ሰው ካወቁ ራስተሪዮ፣ ነምፓይና ማትፕሎትሊብ የተባሉትን ላይብረሪዎች በ«ፒፕ ዳውንሎድ» አውርደው በፍላሽ ይላኩልን። ፓይተኑ 3.12፣ ሲስተሙ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ከሆነ ፕላትፎርሙን ሊኑክስ ብለው ሳይገልጹ ያወረዱት እኛ ጋ አይጫንምና ይህን አይርሱ። ፍላሹንም አስቀድመው ፎርማት ያድርጉልን፤ የሾርትከት ቫይረስ ተበላ ላይ በቂ አለን።